የሠላሳ ዓመቱ ሕፃን

«አላየኸውም ማለት ነው» ይሉኛል። አይቼዋለሁ። «እንግዲያው አልገባህም» ይሉኛል። የሚያናግረኝ እኮ የገባኝ ነገር ነው። «ወይም ልብ የለህም» ይሉኛል። ልብማ ባይኖረኝ ይህን ያህል አልቃጠልም ነበር። የምናወራው ስለ ጋብሪኤሌ ሙቺኖ «ሉልቲሞ ባቾ» ነው፤ «የመጨረሻው መሳም» ማለት ነው። በ2001 መጀመሪያ ላይ በጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ታየ (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሕዝቡ ወደደው፤ በዚያው ዓመት ሙቺኖ የጣሊያን ትልቁ የፊልም ሽልማት የሆነውን ዳቪድ ዲ ዶናቴሎ በምርጥ ዳይሬክተርነት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ «የአንድ ትውልድ ፊልም» እየተባለ ይኖራል። እኔ ደግሞ ከተወደሰው ግማሹን እንኳ የማይመዝን ፊልም ነው እላለሁ፤ ዛሬ ለመልስ ሰጪዎቼ መልስ እሰጣለሁ።

ላላየው ታሪኩን ላስረዳ። ካርሎ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ በማስታወቂያ ድርጅት የሚሠራ የሮም ልጅ ነው። አብራው የምትኖረው ጁሊያ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነች። የምሥራቹ ለወላጆቿ ሲነገር ቤቱ በደስታ ይናጋል፤ ካርሎ ግን ውስጥ ውስጡን ይርዳል። በጓደኛው በማርኮ ሠርግ ላይ ፍራንቼስካ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ያገኛል፤ ልቡም እግሩም ወደዚያው። ሌሎቹም ከእሱ አይሻሉም። አድሪያኖ ጨቅላ ልጅ አስቀምጦ ከሚስቱ ከሊቪያ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል፤ ፓኦሎ አባቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው እሱ የተወችውን ፍቅረኛ ያሳድዳል፤ አልቤርቶ ሴት ይቀያይራል። የጁሊያ እናት አናም አያት ልትሆን መሆኗን ስትሰማ ዕድሜዬ አመለጠኝ ብላ ባሏን ጥላ ወደ ድሮ ወዳጇ ትሮጣለች። በአንድ ፊልም ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው ይሸሻል።

«እውነቱን እኮ ነው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ይላል የመጀመሪያው ተሟጋቼ። እሺ፣ እንዲህ ነው እንበል። ታዲያ ምን ይሁን? ወንድ ልጅ ይዋሻል፣ ይፈራል፣ ሌላ ያያል ለማለት ሲኒማ ቤት ገብቶ ትኬት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ይህንን ማንም እናት ለልጇ ታስረዳለች። ፊልም የምናየው ለምን እንደሚሸሽ፣ ሲሸሽ ምን እንደሚያጣ፣ ማን እንደሚከፍልለት እንዲያሳየን ነው። ካርሎ ለምን ይሸሻል? ሥራ አለው። ቤት አለው። የምትወደው ሴት አለች። ታሞ አይደለም፣ ተርቦ አይደለም፣ የተከለከለው ነገር የለም። ፊልሙ የሚሰጠን መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ሠላሳ ዓመት ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ ቁጥር ነው። ካርሎ ራሱ በትረካው ስለ ፍርሃቱ ይነግረናል፤ ፍርሃቱን ግን ሙቺኖ አይጠይቀውም። እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ያባብለዋል። እኔን የሚያናድደኝ ማባበሉ ነው።

«ስሜቱስ? የዚህን ፊልም ስሜት የት ታገኘዋለህ?» ስሜት የምትሉት ጩኸቱን ከሆነ፣ አዎ፣ ሞልቷል። ሰው ሲገባ ይጮኻል፣ ሲወጣ ይጮኻል፤ ካሜራው ከኋላው እየሮጠ ከክፍል ክፍል ያሳድደዋል፤ ሙዚቃው ከላይ ይወርዳል፤ አንዱ ጠብ ሳይበርድ ወደ ሌላው ቤት ተዘሎ ይገባል፤ እዚያም ይጮኻሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሲጮኹ ያምራል፤ እናዝናለን። አምስቱም ቤት በአንድ ድምፅ ሲጮህ ግን የማን ሐዘን የማን እንደሆነ ይጠፋል። የሚስቱን ፊት ማየት ያልቻለ ወንድ እና አባቱን የሚቀብር ወንድ በእኩል ድምፅ፣ በእኩል ፍጥነት፣ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ ከተሰጡኝ ዳይሬክተሩ ሁለቱን አልለያቸውም ማለት ነው።

በዚያው በ2001 በጣሊያን ሌላ የቤተሰብ ፊልም ወጥቶ ነበር፤ የናኒ ሞሬቲ «ላ ስታንዛ ዴል ፊሊዮ»፣ «የልጁ ክፍል»። አንኮና ከተማ የሚኖር የሥነ ልቦና ሐኪም ልጁ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ሲዋኝ ይሞትበታል። የሬሳ ሣጥኑ ሲዘጋ ያለውን ትዕይንት አስታውሱት። ሠራተኞቹ ሣጥኑን ያሽጋሉ፤ የመበየጃው እና የመሰርሰሪያው ድምፅ ይሰማል፤ ቤተሰቡ ቆሞ ያያል። የሚጮህ የለም። እኔ ግን ያ የብረት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይህንን ዓይነት ትዕይንት ለመሥራት ዝምታን የማይፈራ ሰው ያስፈልጋል። የካን ፌስቲቫል ለዚህ ፊልም ወርቃማውን ዘንባባ ሰጠው፤ የዳቪድ ዳኞችም ምርጥ ፊልም አሉት። የምርጥ ዳይሬክተርነቱን ግን ለሙቺኖ። ፊልሙ ከሁሉ የበለጠ ከሆነ፣ የሠራው ሰው ከማን አንሶ ነው? ይህንን እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

«ሴቶቹንም እኮ አሳይቷል፤ የወንድ ፊልም ብቻ አይደለም» የሚለው መልስ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፤ እውነት አለበትና። በፊልሙ ውስጥ ትልቅ የሆነ ነገር ካለ አና ነች። የምትጫወታት ስቴፋኒያ ሳንድሬሊ ነች። ሳንድሬሊ እኮ በ1961 በፒየትሮ ጄርሚ «ዲቮርትስዮ አላ ኢታልያና» ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለባት ኮረዳ ነበረች፤ በ1964 «ሴዶታ ኤ አባንዶናታ» ላይ ተታላ በተጣለች ልጅ አገር ያስለቀሰች ነች። የጣሊያን ተመልካች ከእሷ ጋር አድጎ ከእሷ ጋር አርጅቷል። ስለዚህ አና «አሁንስ ማን ያየኛል?» የሚል ፊት ስታሳይ፣ ያ ፊት አርባ ዓመት ሲታይ የኖረ ፊት ነው።

ባሏ ኤሚሊዮ የሰውን ችግር የሚያዳምጥ የሥነ ልቦና ሐኪም ነው፤ የሚስቱን ግን ሳይሰማ ኖሯል። ሌላ ሰው እንደነበራት ራሷ ትነግረዋለች። የምትነግረው እንዲቆጣ ነው፤ እንዲያ ብሎ ቢቆጣ እንደሚወዳት ታውቃለችና። እሱ ግን የሚገባትን ቁጣ አይሰጣትም። ወጥታ ወደ ድሮው ወዳጇ ወደ ኤውጄኒዮ ስትሄድ እሱም የራሱን ኑሮ ይዟል፤ ለእሷ የቀረ ቦታ የለም። ሳንድሬሊ እዚህ ላይ የምታሳየው ኀፍረት ለብቻው ሙሉ ፊልም ይወጣዋል። የዳቪድ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት አግኝታበታለች፤ ይገባታል፤ ሁለት ቢሰጧትም አልከራከርም። ግን ሙቺኖ ምን አደረገ? ይህችን ሴት በየጥቂቱ እየቆራረጠ በካርሎ እና በጓደኞቹ ሩጫ መሃል አስገባት። ወርቁን ጓዳ አስቀምጦ ነሐሱን ሳሎን ሰቀለ።

ሊቪያስ? ስለ ሊቪያ ማንም አይናገርም፤ እኔ እናገራለሁ። አድሪያኖ ቤቱ ሲገባ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሊቪያ ትነጫነጫለች፣ ፊቷ ተኮሳትሯል፣ ድምፅዋ ይሻክራል። ፊልሙ ይህንን ደጋግሞ ያሳየናል፤ እኛም ከአድሪያኖ ጋር ሆነን በሩን ዘግተን ለመውጣት እንቸኩላለን። ያ ሕፃን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ማን ይዞት አደረ? አድሪያኖ ከጓደኞቹ ጋር ሲያመሽ ማን አጠበው፣ ማን አጠባው? ካሜራው ከአድሪያኖ ጋር ወጥቶ ይሄዳል እንጂ አንድ ሌሊት እንኳ ከሊቪያ ጋር አላደረም። አድሮ ቢሆን ኖሮ ያንን ንጭንጭ ሌላ ስም እንሰጠው ነበር። ከነጭራሹ ባል ጥሎ ሲሄድ ፊልሙ ነገሩን የነጻነት አየር ይሰጠዋል፤ ጓደኛሞቹ ካምፐር መኪና ተጭነው ጉዞ ይጀምራሉ፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሙዚቃው ሙቅ ነው። ልጁ እቤት ቀርቷል። ስንቶቻችን በዚያ ትዕይንት ላይ ልጁን አሰብነው? ካላሰብነው ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንዳናስበው ተደርጎ የተቀረጸ ነው።

ፍራንቼስካም ልጅ ነች። ፊልሙ ግን የካርሎን ወጣትነት የምትመልስ መድኃኒት አድርጎ ያመጣታል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ጠርሙሱ ይጣላል። ካርሎ ጁሊያ ከቤት ስታስወጣው ቀጥ ብሎ ወደ ፍራንቼስካ ይሄዳል፣ ከእሷ ጋር ያድራል፣ በነጋታው ልቡ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የእሷ ልብ የት እንደወደቀ ለመጠየቅ ፊልሙ ጊዜ የለውም፤ ሌላ ቤት ጩኸት ይጠብቀዋል።

ፍትሐዊ ልሁን። ጁሊያ ውሸቱን የምታውቅበት መንገድ በደንብ የተሠራ ነው። ካርሎ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ ብሎ ወጥቷል። በዚያ ምሽት የፓኦሎ አባት ያርፋሉ። ጁሊያ ለቅሶ ቤት ስትደርስ አብሬው ነኝ የተባለው ጓደኛ እዚያው ሐዘንተኛውን ይዞ ቆሟል፤ ካርሎ የለም። ማንም ምንም አይነግራትም፤ መንገር አያስፈልግም። ሬሳ ባለበት ቤት ስለ ራስ ጉዳይ አይጮህምና ያንን ውጣ ትቆማለች። ጁሊያን በምትጫወተው በጆቫና ሜዞጆርኖ ፊት ላይ ያን ጊዜ የሚወርደው ጥላ፣ በኋላ ካርሎ ላይ ከምትጮኸው ጩኸት ሁሉ ይበልጣል። ሙቺኖ መሥራት አይችልም ብዬ አላውቅም። መሥራት እንደሚችል ያየሁት እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው የቀረው ፊልም የሚያበሳጨኝ።

«በመጨረሻ ግን ይቅር ተባባሉ፤ ቤተሰብ ማለት ይቅርታ ነው» ትሉኛላችሁ። ይቅርታ የሚባለው በደሉ ተቆጥሮ፣ በዳዩ አንገቱን ደፍቶ፣ ተበዳዩ በቃኝ ሲል ነው። በአገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አጠፋህ?» ነው፤ ያለዚያ ዕርቅ የለም። ካርሎ ምን ከፈለ? አለቀሰ፣ ለመነ፣ በር ላይ ቆመ። ከዚያ ጁሊያ ከለከለችው፣ ከለከለችው፣ ተቀበለችው። ለምን እንደተቀበለችው ፊልሙ አይነግረንም፤ ሆዷ እየገፋ ስለሆነ ይሁን፣ ስለምትወደው ይሁን፣ ሌላ መሄጃ ስላጣች ይሁን፣ የእሷ ልብ ውስጥ ሳይገባ ያልፈዋል። ቀጥሎ ሠርግ፣ ሕፃን፣ ጥሩ ቤት። በስተመጨረሻ ጁሊያ ስትሮጥ አንድ የሚሮጥ ሰው ጎኗ ይደርስና ፈገግ ይባባላሉ። ተሟጋቾቼ ይህን ፈገግታ እንደ ጥልቀት ያወሩታል፦ እሷም ነገ ትሸሻለች፣ ክቡ ይቀጥላል። ለእኔ ግን ይህ የመጨረሻው ማምለጫ ነው። ሁሉም ያው ነው ከተባለ ማንም ተጠያቂ አይደለማ! የአንዱን በደል በሌላው ፈገግታ አካክሶ ሒሳቡን ዘጋ።

አሁን ከእኔ ጋር ወደ 1953 ኑ። ፌዴሪኮ ፌሊኒ «ኢ ቪቴሎኒ» የሚል ፊልም ሠራ፤ ቬኒስ የብር አንበሳ ሸለመው። አምስት ወጣቶች ናቸው፤ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ያለ ሥራ ይዞራሉ፤ ሠላሳ እየተጠጋቸው ከእናታቸው ጉያ አልወጡም። ፋውስቶ የሚባለው ሳንድራን ያስረግዝና ሊሸሽ ሻንጣ ሲያዘጋጅ አባቱ ይዞ ያጋባዋል። የሃይማኖት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሥራ ያገኛል፤ የባለ ሱቁን ሚስት ለማሽኮርመም ሲሞክር ይባረራል። ልክ እንደ ካርሎ ነው፤ ያው ውሸት፣ ያው ውበት፣ ያው «ምን አደረግሁ?» የሚል ዓይን። ሳንድራ አንድ ቀን ሕፃኗን አንሥታ ከቤት ትጠፋለች። ፋውስቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጋት ይውላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርቷል። በኋላ የምትገኘው በእሱ አባት ቤት ነው። አባቱ ድሃ ሠራተኛ ነው። ሌላውን ሰው ከክፍሉ ያስወጣና ቀበቶውን ይፈታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበውን ልጁን እንደ ሕፃን ይገርፈዋል። ፋውስቶ ይጮኻል፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ያ ጩኸት ቦታ ነበረው።

ሰው በመገረፉ ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። የምለው ሌላ ነው። ፌሊኒ ፋውስቶን ይወደዋል፤ ሲወደው ግን አላባበለውም። በደሉን በደል ብሎ ጠራው፤ የሚጠራለት አባትም በፊልሙ ውስጥ አስቀመጠ። በሙቺኖ ፊልም ውስጥ አባት ሁሉ ወይ ዝምተኛ ነው ወይ ሊሞት ነው። «ልጄ፣ ተው!» የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

በዚያው በፌሊኒ ፊልም ከአምስቱ አንዱን የሚጫወተውን የአልቤርቶ ሶርዲን ትዕይንት አይታችሁ ከሆነ የምለውን ለማስረዳት አልደክምም። ካርኒቫሉ አልቋል፤ አልቤርቶ የሴት ልብስ እንደለበሰ ሰክሮ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ይደርሳል። በደመወዟ የምታኖራቸው እህቱ ኦልጋ ሚስት ካለው ሰው ጋር አገር ጥላ እየሄደች ነው። እናቲቱ ታለቅሳለች። አልቤርቶ «አታልቅሺ እማዬ፣ እኔ ሥራ እይዛለሁ» ይላል። እናቲቱ እንባዋን ጠርጋ ሥራ አግኝተህ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። የለም ይላታል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሙቺኖ በሁለት ሰዓት ሩጫ ያልደረሰበት ነገር እዚህ በአንድ «የለም» ተነገረ። የእናት ተስፋ አለ፣ የልጅ ኀፍረት አለ፣ ኪራይ እና ዳቦ አለ።

ዳቦ ስል ደግሞ «የዘመኑ ትውልድ ነው፤ የጣሊያን ወጣት ያኔ እንዲህ ነበር» የሚለው ተሟጋች ከወንበሩ ይነሣል። ትውልዱን ካነሳችሁማ በደንብ እናንሳው። የጣሊያን የወሊድ መጠን በ1995 ለአንዲት ሴት ወደ 1.19 ልጅ ወርዶ ነበር፤ አገሪቱ ከዚያ በፊት እንደዚያ ዝቅ ብሎ አይታው አታውቅም። በ1997 የወጣው የሥራ ሕግ ለጊዜያዊ ቅጥር በሩን ከፈተ፤ ወጣቱ በስድስት ወር ውል እየተንጠለጠለ፣ ቤት መከራየት እያቃተው ከወላጆቹ ጋር ኖረ። በ2007 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቶማዞ ፓዶዋ ስኪዮፓ እነዚህን ልጆች ጎልማሳ ሕፃናት ብሎ በመስደቡ አገር ተንጫጫ። ልጅ መውለድ ለዚያ ትውልድ ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሕፃናት ማዋያ፣ ስለ ውል የሚነሳ ጥያቄ። «ሉልቲሞ ባቾ» ውስጥ ግን የካርሎ ትልቁ ጭንቀት ያቺ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነች። ይህንን የትውልድ ፊልም ማለት በኪራይ ሲሰቃይ የነበረውን ትውልድ መበደል ነው። ያንን ትውልድ የፈለገ የፓኦሎ ቪርትሲን «ቱታ ላ ቪታ ዳቫንቲ»ን ይይ፤ በ2008 የወጣ ነው፤ በፍልስፍና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ የስልክ ሽያጭ ማዕከል የገባች ልጅ ታሪክ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚፈራ ይታወቃል።

«ዓለም የወደደውን አንተ ማን ነህና ትነቅፋለህ?» በ2002 የሰንዳንስ ፌስቲቫል ተመልካቾች ሽልማት ሰጡት፤ አዎ። ሆሊውድም ገዝቶ በ2006 በቶኒ ጎልድዊን ዳይሬክተርነት፣ በዛክ ብራፍ ተዋናይነት እንደገና ሠራው፤ ጽሑፉን የጻፈው ያ የ«ሚሊዮን ዶላር ቤቢ» ጸሐፊ ፖል ሃጊስ ነው። እሱንም አየሁት። ያው ሰውዬ፣ ያው ፍርሃት፣ ያው ልመና፤ ከተማው ብቻ ተቀየረ። ጥሩ ጸሐፊ ገብቶበትም ካልተነሳ ችግሩ ከመነሻው ነው። ወድጄዋለሁ የምትሉትን መውደድ አልከለክላችሁም፤ ሰው የወደደውን ይውደድ። የተወደደ ሁሉ ታላቅ ነው ስትሉኝ ነው የምንለያየው።

ለራሱ ለሙቺኖ ደግሞ የምሰጠው ምስክር አለኝ። በዚያው በ2006 ዊል ስሚዝን ይዞ «የደስታ ፍለጋ» የተባለውን ሠራ። አባት ነው፤ ደመወዝ የለውም፤ ኪራይ ተጠራቅሞበታል፤ ሚስቱ ሄዳለች፤ ትንሽ ልጁን ይዞ በባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ያድራል። ሰው በሩን ከውጭ ሲደበድብ አባትየው የልጁን ጆሮ በእጁ ይዞ፣ በእግሩ በሩን ደግፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅሳል። አያችሁ? ያው ዳይሬክተር ነው። ያው ለእንባ የሚቸኩል ልብ ነው። ግን ይህኛው አባት መሸሽ ይችላል፤ አልሸሸም። የሚፈራው ነገር ስም አለው። ስለዚህ ያ ትዕይንት ሰውን ይይዛል። ሙቺኖ ጎበዝ ነው፤ ካርሎ ነው የሚያሳንሰው።

የመጨረሻውን ምስክር ደግሞ ራሱ ሙቺኖ ሰጠኝ። በ2010 «ባቻሚ አንኮራ» ብሎ ቀጣዩን ክፍል አወጣ፤ «እንደገና ሳሚኝ» ማለት ነው። ሜዞጆርኖ አልተመለሰችም፤ ጁሊያን ቪቶሪያ ፑቺኒ ተጫወተቻት። እና ምን ሆኑ? ካርሎ እና ጁሊያ ተለያይተዋል። ያ «ነጻ» የወጣው አድሪያኖ ከዓመታት በኋላ ባዶ እጁን ወደ ልጁ ይመለሳል፤ ልጁ አያውቀውም። ፓኦሎ በጭንቀት ተውጦ ራሱን ያጠፋል። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ያልተከፈለው ዕዳ ሁሉ በሁለተኛው ተመዝግቦ መጣ። ተሟጋቾቼ ሆይ፣ ይህንን እኮ እናንተ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር! የካምፐሩ መንገድ ወደ የት እንደሚወስድ፣ የሊቪያ ልጅ ምን እንደሚሆን፣ የዚያ ዕርቅ መሠረት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ዳይሬክተሩ ራሱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አመነ። ያመነውን ግን በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ዛሬ እኔም ከእናንተ ጋር አጨበጭብ ነበር።

«እና ምን እንይ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። «ኢ ቪቴሎኒ»ን እዩ፤ ከአምስቱ አንዱ ሞራልዶ በንጋት ባቡር ላይ ተሳፍሮ ከተማውን ሲለቅ፣ ካሜራው በእያንዳንዱ ጓደኛው መኝታ ክፍል ውስጥ አልፎ ተኝተው ሲያሳያቸው እዩት። ጥሏቸው የሚሄደው እሱ ነው፤ ግን ማንንም አልዋሸም፤ ማንንም ከነልጁ አልተወም። ከዚያ «የልጁ ክፍል»ን እዩ። ከዚያ በኋላ ደስ ካላችሁ ወደ «ሉልቲሞ ባቾ» ተመለሱ፤ አናን ብቻ ተከተሉ፣ ሌላውን አሳልፉት።

በ2001 ለሙቺኖ የተሰጠው የምርጥ ዳይሬክተር ዳቪድ የሞሬቲ ነበር። የሳንድሬሊ ግን የራሷ ነው፤ እሱን ማንም እንዳይነካባት።